ከሊሾው ሥር

«ዛሬ አንተ ታመሃል» አለ ወንድሟ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ። «ሰዎቹ ጨርሰው እስኪሄዱ ከአልጋህ አትነሣም። ድንገት ገብተው ቢጠይቁህም ምንም ትዝ አይልህም። እሺ አባባ?»

ልብስ ሰፊዋ ወጥ ቤት ቆማ እንቁላል እየቀቀለች ነበር። ግድግዳው ቺፕውድ ስለሆነ እንኳን ንግግር ትንፋሽም አያስቀር። እሳቱን ቀነስ አድርጋ የአባቷን መልስ ጠበቀች። አባቷ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ግን ከማንም የበለጠ ይሰማል። በመንገድ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሰምቶ የትኛው ዕቃው እንደተበላሸ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚናገር ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ሲቀይር ደርሳበት በስንት ልመና ነው ያወረደችው። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ቤቱ ታመሃል ሲባል አንድ ነገር ይላል ብላ ነበር። የሰማችው ግን የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ሲል ብቻ ነው። አባቷ ተመልሶ ተኛ።

ወንድሟ ወጥ ቤት ገብቶ «ሚጢጢ፣ ሻይ አለ?» አላት። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ረዥሟ እሷ ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመትም ሞልቷታል፤ ስሙ ግን ከልጅነቷ ተጣብቆባት ቀርቷል። ሻዩን ቀድታ ሰጠችው። ስለ መንገዱ ጠየቀችው፤ ተጨናንቋል አላት። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ደህና ናቸው አላት። ከዚያ ወዲያ የሚባባሉት አልቆባቸው ሁለቱም እንቁላሉ ሲንተከተክ ያዩ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው የኖሩት። የስፌት ሥራዋን ልትጀምር ከአባታቸው አሮጌ ጋራዥ ጀርባ ያለችውን ክፍል በጠየቀች ጊዜ ወንድሟ «ያ ክፍል አይሆንም» አለ። ለምን ስትለው «አይሆንም አልኩሽ» ከማለት በቀር አንዲት ምክንያት አልሰጣትም። ስስት መሰላት። በሩ ከተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አንዲት ክፍል ነሣኝ ብላ አለቀሰች። አባቷ ምንም ሳይል ቁልፉን ኪሷ ከተተላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆኑ። በወር አንዴ ይመጣል፣ አባቱን ያያል፣ ለእሷ ከበር ላይ «ደህና ዋይ» ብሎ ይሄዳል።

አሁን ግቢው ሊሸጥ ነው። እሷ ስትሰፋ አባቷ ለብቻው የሚንከራተትበት ሰፊ ግቢ ከማስፈራት በቀር ጥቅም አልነበረውም፤ ዋጋው ደግሞ ለእሱ ደረጃ የሌለው፣ ፀሐይ የሚገባው ቤት፣ ለእሷም መንገድ ዳር የስፌት ሱቅ ያወጣል። ገዢዋ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተዳድር ሴት ናት። ቦታውን አይታ ወደደችው፤ ባንኩ ግን ሠላሳ ዓመት ጋራዥ የነበረ ግቢ አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ሳይመረመር ብድር የለም አላት። የዛሬዎቹ እንግዶች ለዚያ ነው የሚመጡት።

የአፈር መርማሪዋ ሁለት ሰዓት ላይ ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር ደረሰች። አጠር ያለች፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች፣ የትናንት ጭቃ ጫማዋ ላይ የደረቀባት ወጣት ናት። ትልቁ ቆፋሪ መሰርሰሪያውን ከመኪናው ሲያወርድ «የመሬት ሐኪሞች ነን፤ መርፌያችን ግን ትንሽ ትወፍራለች» አለና ማንም ሳይስቅለት ራሱ ሳቀ። መርማሪዋ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች። መጋረጃ እንደሚለካ ሰው በእርምጃዋ ለካች፣ አጎንብሳ የጋራዡን ወለል በጥፍሯ ቧጨረች፣ ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ ጋራዡን ያሠሩት ሰውዬ የት አሉ ብላ ጠየቀች።

«አባቴ ታሟል» አለ ወንድሟ። «አልጋ ላይ ነው።»

«እግዜር ይማራቸው። የተቃጠለ ዘይቱን የት ነበር የምታስቀምጡት?»

«በርሜል ውስጥ። ሰብሳቢ እየመጣ ይወስደው ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

መርማሪዋ ጻፈች። ልብስ ሰፊዋ ከክፍሏ ደጃፍ ቆማ ታያቸው ነበር። ወንድሟ ሲዋሽ የግራ ጆሮውን እንደሚያሽ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ አሁንም እያሸ ነው። የዋሸው ስለ አባታቸው በሽታ ይሁን ስለ ዘይቱ ግን መለየት አልቻለችም።

የመጀመሪያው ጉድጓድ በውጪው በር አጠገብ ተቆፈረ። ከብረቱ ቱቦ የወጣውን አፈር እንዳለ በቁመቱ ላስቲክ ላይ ያጋድሙታል። መርማሪዋ በቢላ ትሰነጥቀዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ስልክ የሚያክል ጋዝ መለኪያ ታስጠጋበታለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ከዚያ ቆንጥራ ብልቃጥ ውስጥ ትከትና በረዶ የተሞላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጥድፊያ የለባትም። ልብስ ሰፊዋ ለአንድ ትምህርት ቤት አርባ ዩኒፎርም ለማድረስ ቀጠሮ ነበረባት፤ ግን እጇ መቀስ ይዞ ዓይኗ እዚያው ቀረ። ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከሥሩ ግራጫ ጭቃ፣ በስድስተኛው ሜትር ላይ ውሃ። ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ጉድጓድ ከጋራዡ አፍ ላይ ነበር፤ እዚያ አንድ ጋት የሚያህል አፈር ጠቁሮ ተገኘ፣ ከዚያ በታች ግን ደህና ነው። ወንድሟ ቁጥሩ በተነበበ ቁጥር አንገቱን እያሰገገ ያይና ትንፋሹን ይለቃል። ቀትር ሲደርስ ፊቱ ፈካ ብሎ ለቆፋሪዎቹ ዳቦና ለስላሳ ሊገዛ ወጣ።

መርማሪዋ ጥላ ፈልጋ ከልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ተቀመጠችና የገዢዋን ፕላን ዘረጋች። የመማሪያ ክፍሎቹ ወደ ፊት ናቸው። ከጀርባ፣ አሁን ሁለቱ በተቀመጡበት፣ ጠመዝማዛ መስመር ተሰምሮ ውስጡ ነጠብጣብ ተደርጎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የአሸዋ መጫወቻ። ትንንሾቹ የሚቆፍሩበት።» መርማሪዋ በእርሳሷ ጫፍ አጥሩን ነካች። «ከዚህ ወዲያስ ማን አለ? ጉድጓድ ያለው ጎረቤት አለ?»

«እትዬ አለች። ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች። ከጉድጓዷ ነው የምታጠጣው። እሷም እሱኑ ነው የምትጠጣው።»

መርማሪዋ ይህንንም ጻፈች። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ በጀርባው ተኝቷል። ጠዋት ያቀረበችለት እንቁላል እንኳ አልተነካም።

«አባባ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ታመሃል ተባልኩ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

አባቷ ከውጭ የመሰርሰሪያው ሞተር ሲነሣ ሰምቶ «የሞተሩ ሻማ ቆሽሿል፣ በደንብ አይተኩስም» አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፈና ጫማውን ፈለገ።

ወንድሟ ዳቦውን ታቅፎ ሲመለስ አባቱ መርማሪዋ ፊት ቆሟል። «ልጄ፣ ዘይቱን የደፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። «ሰብሳቢው ቀርቶብን በርሜሎቹ ሞልተው ነበር። ዘይቱንም፣ የቀለም ቲነሩንም፣ የባትሪውንም አሲድ ደፋሁት። ልጆቼ አያውቁም። ቦታው ይኸውና» ብሎ በከዘራው ከኋላው አጥር ሥር አንድ ቦታ ወጋ አደረገ። ወንድሟ «አባባ!» ብሎ ጮኸ። አባቱ ሳይዞር «ዝም በል አንተ» አለው። መርማሪዋ ሁለቱንም አየቻቸው፤ የሽማግሌውን ቃል ጻፈችና ቆፋሪዎቹን ጠራች።

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ፊት ታይ ነበር። ደንግጦ ይሆናል፣ ይቆጣል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ግራ የገባው ሰው መሰለ። መሰርሰሪያው ሲወርድ ዓይኑን ከዚያች ቦታ አልነቀለም። አፈሩ ንጹሕ ነበር። መለኪያው ዝም አለ። አንድ ሜትር ሊሞላ ሲል ቱቦው አንድ ነገር ነካና ቆፋሪው አወጣው። ላስቲኩ ላይ ሲያራግፉት ከአፈሩ መሀል ነጭ ነገር ብቅ አለ።

«አጥንት ነው!» አለ ትልቁ ቆፋሪ፤ ቀልዱ ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

መርማሪዋ በጓንቷ አነሣችው። ከሥሩ የዛገ የብረት ቀለበትና የበሰበሰ ጠፍር ተከተለ። ወንድሟ ዳቦውን እንደታቀፈ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ውሻችን ነው» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ቤቱ ውስጥ አንድ ውሻ ነበር፤ ጠፋ ተባለች። ይመለሳል ብላ አንድ በጋ ሙሉ የውጪውን በር ገርበብ አድርጋ ትምህርት ቤት ስትሄድ እናቷ ትዘጋለች፣ እሷ ትከፍታለች። አሁን ያንን ቀለበት አይታ አወቀችው።

«ጠፋ አልከኝ» አለችው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ጋራዡን ለእኔ የተወ ጊዜ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ሰብሳቢው ቀረ፣ በርሜሎቹ ሞሉ፣ ደንበኛ ተቆጣኝ። የዝናብ ውሃ ይሰርግበት የነበረው አሮጌ ጉድጓድ ነበር አይደል? ሁሉንም እሱ ውስጥ ገለበጥኩት። የራዲያተር ፈሳሽ ደጃፉ ላይ ፈሶብኝ ነበር፤ ጣፋጭ ነው መሰለኝ፣ ውሻው ላሰው። በማግሥቱ ሞተ። ያኔ ምን እንደደፋሁ ገባኝ። ውሻውን እዚህ ቀበርኩት፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልቼ ከላዩ ሊሾ አስደረግሁበት።»

«አንተ ምንም አልነገርከኝም» አለ ሽማግሌው በቀስታ። «እኔ ነኝ ያየሁት። ስመለስ በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ። እዚህ ጋ ደግሞ አዲስ የተቆፈረ አፈር። እዚህ ነው የደፋው አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«የምትመልስልኝን ፈርቼ።»

መርማሪዋ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «ሊሾው የት ነው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ግን የወንድምየውን ዓይን ተከትላ ዞረች። ሁሉም ዞሩ። የሚያየው ኋላ በሊሾው ላይ የተሠራውን የእህቱን የስፌት ክፍል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። «ዘጠኝ ዓመት እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ዝም አልከኝ?» አለች። «አይሆንም አልኩሽ...» ሲላት አላስጨረሰችውም። «ለምን እንደማይሆን ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? ስስታም ነው እያልኩ ስረግምህ ኖርኩ! ራሴን ሲያመኝ ዓይኔ ደክሞ ነው እያልኩ ሁለት ጊዜ መነጽር ለወጥኩ!» ወንድሟ ቀና ብሎ አላያትም። «ስስታም ብትይኝ ይሻለኛል ብዬ ነው» አለ፤ ትከሻውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ጸጉሩ የሸሸ ሰውዬ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን ከቁጣዋ ሥር፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሜ አይወደኝም ብላ ያኖረችው ነገር ከቦታው ሲነቃነቅ ተሰማት።

መርማሪዋ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተችና ገባች። ምንጣፉን ስትገልጠው ሊሾው መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል። መለኪያዋን ስንጥቁ ላይ ስታስጠጋው ቁጥሩ ሽቅብ ተወረወረ። ቀና ብላ ወንበሩ ቁመት ላይ ስትይዘው ወረደ። «እዚህ ጋ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ነው ተብሎ አይኖርበትም» አለቻት። «ዛሬውኑ ዕቃሽን አውጪ። ሐኪም ጋ ሄደሽ ታይ፤ ምን እንደነበረ እኔ ጽፌ እሰጥሻለሁ።» መሰርሰሪያው በበሩ ስለማይገባ ቆፋሪዎቹ ሊሾውን በመሮ ሰብረው፣ ድንጋዩን አንሥተው በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ቆፈሩ። አፈሩ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ጋራዡ ከነሰዎቹ ተመልሶ የመጣ አስመሰለው። አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥቁር። ሁለት ሜትር ተኩል፣ ጥቁር። ሽማግሌው ከዘራውን ጨብጦ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሦስት ሜትር ሊሞላ ሲል ትልቁ ቆፋሪ የመሰርሰሪያውን እጀታ ማዞር አቃተው። «ሸክላ ነው፣ ደረቅ ያለ ጭቃ!» አለ። መርማሪዋ ግራጫውን አፈር እንደ ሊጥ በጣቶቿ ጠፈጠፈችው፣ አሸተተችው፣ ለካችው። ከዚያም ግማሽ ሜትር አስቆፍራ ደግማ ለካች። የዛን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል ታየች።

«ይሄ ጭቃ አላሳለፈውም» አለች። «ቢያንስ እዚህ ጋ ይዞታል። ከላይ ያለው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በመኪና ተጭኖ ወደሚታከምበት ይሄዳል። ሊጸዳ የሚችል ነገር ነው።»

ከዚያ ሌላ ጉድጓድ ከአጥሩ አጠገብ እስከ ውሃው ድረስ አስቆፈረች። ውሃ በደረሱት ሦስት ጉድጓዶች ውሃ ሲነካ የሚጮህ ሜትር እያወረደች ጥልቀቱን ለካች፤ መሬቱ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል በመለኪያ መነጽር አየች፤ ወረቀቷ ላይ አንድ ቀስት አሰመረች። ቀስቱ ወደ እትዬ ግቢ ይጠቁማል። የከርሰ ምድሩ ውሃ የሚጓዘው ወደዚያ ነው። ማንም እስኪያዛት አልጠበቀችም፤ ባዶ ጠርሙሶቿን አንሥታ «ለጎረቤታችሁ ማን ይነግራታል?» አለች። ወንድሟ «እኔ» ብሎ ተነሣ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን መርማሪዋ ወረቀቱን ማስተካከል ነበረባት። ሽማግሌው የሰጠውን ቃል ሰርዛ የልጁን ልትጽፍ ስትል አባትየው እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነ።

«አትሰርዥው» አለ።

«አባባ፣ የደፋው እኮ ልጅዎ ነው።»

«እሱ ደፋ። እኔ አይቼ ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ሁለታችንንም ጻፊን።»

መርማሪዋ ጠባቡ ባዶ መስመር ላይ በደቃቅ ፊደል ሁለቱንም ጻፈቻቸው። አባትና ልጅ ተራ በተራ ፈረሙ።

እትዬ በሩን የከፈተችው እጇ አፈር ሆኖ ነው። ወንድሟ ቆሞ፣ ምንም ሳይቀንስ፣ ሁሉንም ነገራት። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ሆና ወንድሟ ጆሮውን ሳያሽ ሲናገር ሰማችው። እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስንት ዓመት ነው አልከኝ?» አለች። ሃያ ስድስት አላት። «ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ በር እያለፍክ እንዴት አደርሽ ትለኛለህ፤ አንድ ቀን እንኳ ውሃሽ እንዴት አደረ አላልከኝም!» ብላ ጀመረች፤ ከጀመረችም ወዲያ በቀላሉ አላቆመችም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። መርማሪዋ በዚህ መሀል ቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አውርዳ ውሃ ቀዳች፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ጥርት ያለ ነው፤ ላዩ ላይ የዘይት ሽፋን የለም፣ ሽታ የለውም። እትዬ ስድቧን አቋርጣ አፈጠጠች።

«ደግ ምልክት ነው፤ ግን ዓይንና አፍንጫ አይበቃም» አለች መርማሪዋ። «ላቦራቶሪው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ አይጠጡት፤ ችግኞቹንም አያጠጡበት።»

«የቧንቧ ውሃ እኔ አመጣለሁ» አለ ወንድሟ። «ውጤቱ እስኪመጣ ጠዋትና ማታ አመጣለሁ፣ እትዬ።» እትዬ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ጀሪካኖች በአገጯ ጠቆመች።

ሰዎቹ መኪናቸውን ጭነው ሲሄዱ አሥር ሰዓት አልፏል። ወንድሟ ግቢው መሀል ቆሞ ለገዢዋ ደወለላት፤ ለእትዬ እንደነገራት ለእሷም ሁሉንም ነገራት። ሴትየዋ ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው ብላ ጠየቀች። ሦስት አላት። «ከመሠረታችን ቁፋሮ ብዙም አይርቅም» አለች። «ዋጋውን እንደገና እንነጋገርበታለን፤ ጊዜም ይወስዳል። ግን የነገራችሁኝ እናንተ ስለሆናችሁ ቦታውን አልተውኩትም።» ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ የስፌት መኪናዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ሳሎን አገባቸው። እህቱ አልረዳችውም፤ የት እንደሚያስቀምጣቸው ብቻ በጣቷ ታሳየዋለች። «ወደ መስኮቱ አስጠጋው» ትለዋለች፤ ያስጠጋል። «ትንሽ ወደ ግራ» ትለዋለች፤ ወደ ግራ ይወስዳል። ሦስተኛውን ሲያስቀምጥ «ያ ውሻ ግን ተሠቃየ?» አለችው። እሱ ወለሉን እያየ «አልተውኩትም። እስኪያልፍ ጭኔ ላይ ነበር» አላት። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠረገች፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። ቆሞ በላ።

ፀሐይዋ ከጣሪያው ስትወርድ የሳሎኑ መስኮት በብርሃን ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ዩኒፎርም ከመርፌው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። አባቷ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የመኪናውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቀበቶው ላልቷል ሊላት እንደሆነ ታውቃለች። በመስኮቱ ወንድሟ በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ጫማው በውሃ ርሶ፣ ወደ እትዬ በር ሲያዘግም ይታያል። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ድምፅ ተሰማ፤ «ነገ ማለዳ ይሁን! ችግኞቹ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ቢጠጡ ይጠወልጋሉ!» እሱም «እሺ እትዬ» ሲል ተሰማ።

«ነገም ይመጣል ማለት ነው?» አለ አባቷ።

«ጠዋትም ማታም። እትዬ ቀጥራዋለች እኮ።»

ሽማግሌው ትከሻው እስኪርገበገብ ሳቀ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮቱን ገፋ አድርጎ ከፈተና ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«ቁርስ ሳትበላ ና! እኔ ነኝ የምሠራው!»